ከርከዴው ለምን ጭቃ መሰለ? የሚስተር ሃይድ ሩም በቱሉ ዲምቱ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ስድስት ጓደኛሞች በየወሩ አንድ መጽሐፍ አንብበን አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። የዚህ ወር ተራ የእኔ ነው። መጽሐፉ የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ነው፤ ሐኪሙ ጄኪል መድኃኒት ጠጥቶ ክፉውን ሃይድ የሚሆንበት። እዚያ ውስጥ እንዳለው መድኃኒት ቀለሙን የሚቀይር፣ በሩም የተሠራ፣ የሞቃት አገር ጣዕም ያለው ኮክቴል ላቀርብ ፈልጌ ነበር። ከርከዴ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ሲጨመር ቀለሙ ይቀየራል ሲሉ ሰምቼ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ቀን አሪፍ ሐምራዊ ሆነ። በሁለተኛው ከነማንጎ ጁሱ ቀን ላይ አዘጋጅቼ ማታ ከፍሪጅ ሳወጣው ጭቃ መስሎ ጠበቀኝ። ሲቀመስ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። ምን አጥፍቼ ነው? ሩም ውድ ስለሆነ በአረቄ ብተካውስ? ጭስ እንዲኖረው ድራይ አይስ ባስገባበት፣ ላዩንም በእሳት ባያይዘውስ? ስሙን ‹ቡዳ› ልለው አስቤያለሁ። አንዷ ጓደኛዬ ግን ‹ይልቅ ዞምቢን ሥሪልን፣ እሱም ከአስፈሪ መጽሐፍ የተወሰደ ነው› ትላለች።»

ከጓደኛሽ ልጀምር። ዞምቢ የሚባለው ኮክቴል ከመጽሐፍ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1934 ሆሊውድ ውስጥ ዶን ዘ ቢችኮምበር በሚባለው ቤት የተፈጠረ የሩም መጠጥ ነው። ሩሙ ዓይነት በዓይነት ነው፤ አንዱ በጣም ብርቱ ነው። ቤቱ ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሸጥም ነበር። ዞምቢ ማለት የሚራመድ ሬሳ ነው፤ ስሙ የመጣው ጠጪው ሲነሳ ከሚመስለው ነገር ነው ብትይ አልተሳሳትሽም። ለንባብ ማታ አይሆንም። መጽሐፉን የሚያስታውስ ሰው አይተርፍም።

የመረጥሽው መጽሐፍ ግን ለሩም የተፈጠረ ነው። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ስኮትላንዳዊ ነው። የጄኪልን ታሪክ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዓመት። ከዚያ በፊት በ1883 «ትሬዠር አይላንድ» የሚባለውን የባሕር ወንበዴዎች ልቦለድ በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። «አንድ ጠርሙስ ሩም» የሚለውን የወንበዴ ዘፈን ዓለም የያዘው ከእሱ ነው። የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረው ደግሞ ሳሞአ ደሴት ላይ ነው። በ1894 በ44 ዓመቱ እዚያው ሞቶ እዚያው ተራራ ላይ ተቀበረ። ስለዚህ «አስፈሪ ታሪክና የሞቃት አገር መጠጥ ምን አገናኛቸው?» የሚል እንግዳ ከመጣብሽ መልሱን ይዘሻል።

አሁን ወደ ጭቃው። በመጽሐፉ ውስጥ መድኃኒቱ መጀመሪያ ቀላ ያለ ነው። የሚጨመርበት ጨው ሲሟሟ ድምፅ እያሰማ ይንተከተካል፤ ትንሽ ትንሽ እንፋሎት ይተፋል። ከዚያ ድንገት ጥቁር ሐምራዊ ይሆናል። ቀስ እያለም ወደ ቀጭን አረንጓዴ ይደበዝዛል። ከርከዴን አጠገቡ አስቀምጦ የጻፈው ይመስላል። ከርከዴ ውስጥ ያለው አንቶሲያኒን የሚባል ማቅለሚያ በኮምጣጣ ነገር ቀይ ነው። ኮምጣጣነቱ ሲሰበር ሐምራዊ ይሆናል። ሶዳው ሲበዛበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። የሚንተከተከው አሲዱና ሶዳው ሲገናኙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ዋናው ስህተትሽ መጽሐፉን ማመንሽ ነው። መጽሐፉ ከቀይ ተነስቶ አረንጓዴ ላይ ያቆማል። ምላስ ግን አረንጓዴው ላይ የሚፈልገው ነገር የለም። የሩም ኮክቴል የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፦ በአልኮሉ፣ በስኳሩና በሎሚው። ቤኪንግ ሶዳ የሚበላው ሎሚውን ነው። ቀለሙ እያማረ በሄደ ቁጥር መጠጡ እየሞተ ይሄዳል። ኮምጣጣው አልቆ ሶዳው ሲተርፍ ደግሞ ያ ሳሙና ሳሙና የሚለው ጣዕም ይመጣል። ሶዳውን መቀነስ ብቻ አይፈታውም፤ ከቀነስሽ ቀለሙ አይቀየርም።

መፍትሔው ታሪኩን መገልበጥ ነው። ከሐምራዊው ጀምሪና ቀዩ ላይ ጨርሺ። ብርጭቆው ውስጥ ሃይድ ይቀመጥ፣ ሎሚው ሲፈስበት ጄኪል ይሁን። ያኔ የመጨረሻው ጉንጭ ኮምጣጣና ንጹሕ ነው። መጽሐፉንም አልከዳሽም። ያ ቀለም የሚቀያየርበት ትዕይንት ራሱ ሃይድ ጠጥቶ ወደ ጄኪል የሚመለስበት ነው።

ጭቃው ግን ከዚህ ሌላ ምክንያት አለው። አንደኛው ማንጎው ነው። ሐምራዊ ላይ ቢጫ ስትጨምሪ ቡናማ ይወጣል፤ ይሄ የሕፃናት ቀለም ትምህርት ነው። የአርባ ምንጭ ማንጎ ምንም ቢጣፍጥ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። አንቶሲያኒን ሶዳ ከገባበት በኋላ አይቆይም፤ አየር እያገኘው ይበላሻል፣ ይጠቁራል። ቀን ሠርተሽ ማታ ማውጣት አይቻልም። ሐምራዊው የሚሠራው እንግዳው ወንበር ከያዘ በኋላ ነው።

ሦስተኛውን ጥርጣሬዬን ቁም ሣጥንሽን ከፍተሽ አረጋግጪው። ቤኪንግ ሶዳ እና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ሱቅ ሄደሽ «ቤኪንግ» ብለሽ ከጠየቅሽ የሚሰጥሽ አብዛኛውን ጊዜ የኬኩ ፓውደር ነው። እሱ የራሱ አሲድና ስታርች አለበት። ይንተከተካል ግን ቀለሙን በደንብ አይቀይርም፤ ስታርቹም መጠጡን ያደፈርሰዋል።

ውሃውም አለ። በእናንተ በኩል በአቃቂ አቅጣጫ ብዙ ቤት የሚደርሰው የጉድጓድ ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ በተፈጥሮው ሶዳ ውስጥ ያለውን ዓይነት ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ከርከዴው ገና ሲዘፈዘፍ ደማቅነቱን ይቀንስበታል። ለማወቅ ቀላል ነው። በአንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላ የታሸገ ውሃ አድርጊና እኩል ከርከዴ ጨምሪባቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መስኮት ጋ ይዘሽ እያቸው። የቧንቧው ከደበዘዘ በታሸገው ሥሪ።

የሚያስቀው መጽሐፉም እዚሁ ላይ ነው የሚያልቀው። ጄኪል የመጀመሪያው ጨው ሲያልቅበት አዲስ ያስመጣል፤ አዲሱ አይሠራም። ለካ የመጀመሪያው ንጹሕ አልነበረም፤ የሚሠራው በውስጡ በነበረው ባዕድ ነገር ኖሯል። አንቺም ሁለተኛው ቀን ላይ የደረሰብሽ ይኸው ነው። የአንቺ ግን ይስተካከላል።

አሠራሩ ይህ ነው። ከዋዜማው ማታ 15 ግራም ደረቅ ከርከዴ በ350 ሚሊ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪ። አታፍዪው። ሲፈላ ልጥ ልጥ የሚል ጣዕም ያወጣል፤ እኛ የምንፈልገው ቀለሙን ነው። ጠዋት በጥሩ ማጥለያ አጥልይ። ስኳሩን ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ አድርገሽ ለብ አድርጊና አሟሚው። አናናሱን ጨምቀሽ በነጠላ ጨርቅ አጥልይው። ሎሚውን ግን እንግዳ ሊገባ ሲል ጭመቂ። የእኛ ሎሚ ትንሽ ስለሆነ ለአንድ ሰው ሁለት ያዢ።

ሶዳውን በጣትሽ ቆንጥረሽ አትጨምሪ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው። ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 5 ግራም ገደማ፣ በ100 ሚሊ ውሃ አሟሚ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሲሪንጅ ግዢ። 40 ሚሊ ከርከዴ ረዘም ባለ ብርጭቆ ቅጂና የሶዳውን ውሃ አንድ አንድ ሚሊ እያልሽ ጨምሪበት። በእያንዳንዱ አማስዪ። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ አረፋ ብቻ። ከዚያ ቀዩ ይጠቁራል፣ የደም ቀለም ይይዛል። ቀጥሎ ድንገት፣ በአንዷ ጠብታ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሰማያዊ ማለት ሲጀምር አቁሚ። ብዙውን ጊዜ ይሄ የሚሆነው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ባለው ውስጥ ነው። ከርከዴ ግን ከጆንያ ጆንያ ይለያያል፤ ከቁጥሩ ዓይንሽን እመኚ። አረንጓዴው ድረስ አትሂጂ። እሱን ማየት ከፈለጋችሁ ቀጠን ባለ ከርከዴ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨምረሽ ጠረጴዛው መሐል አስቀምጪው። ለመታየት ነው፣ አይጠጣም።

አንዱ ብርጭቆ ላይ ያየሽውን ቁጥር ይዘሽ ለስድስቱም ድገሚ። በያንዳንዱ ላይ 50 ሚሊ ነጭ ሩም እና 20 ሚሊ የስኳሩን ሽሮፕ አድርጊ። የተከሰከሰ በረዶ እስከ ግማሽ ሙዪበት። ከጎኑ በቡና ስኒ 30 ሚሊ ሎሚና 40 ሚሊ አናናስ ቀላቅለሽ አስቀምጪ። እንግዳው ራሱ ስኒውን ይገልብጥበት። ሎሚው የነካው ቦታ ሁሉ ይቀላል። ቀዩ እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ በሐምራዊው ውስጥ ይወርዳል፣ አረፋው ይነሳል። ሲማሰል ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ ሆኖ ያርፋል። አናናሱ ቢጫ ቢሆንም እዚህ አይጎዳም፤ ቢጫ ከቀይ ጋር ይስማማል። ስኒውን መጽሐፉ ውስጥ አታገኚውም፤ ግን እቤትሽ ስድስት ስኒ አይጠፋም።

ብርጭቆውን ግን አትሙዪ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ያው ጋዝ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ አረፋው የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ካየሽው ይበዛል። ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዪ። ሶዳ የነካውን ነገር ከሎሚ ጋር በተዘጋ ሼከር (የመጠጥ መምቻ ዕቃ) ውስጥ ደግሞ በፍጹም እንዳትመቺ። ባንኮኒ ጀርባ በጀመርኩበት ሰሞን ሞክሬው ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣሪያ መታ። ሸሚዜም ከርከዴ ለበሰ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አለቃዬ አላጨበጨበም።

ሩሙ ነጭ ይሁን ያልኩት ለቀለሙ ነው። ጠቆር ያለው ሩም ሐምራዊውን ያጨልመዋል። ያለሽ ጠቆር ያለው ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ያለ ሩም ቀለሙን ቀይሪ፣ ከዚያ ሩሙን ከላይ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርገሽ አፍስሺው። ውድ ጠርሙስ አያስፈልግም። ሎሚና አናናስ የገባበት መጠጥ ላይ የረጅም ዘመን ሩም ማባከን ነው።

ስለ አረቄው መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ቀለሙን አይነካውም፤ እሱ ልክ ነሽ። ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። ሩም የሸንኮራ አገዳ ልጅ ነው፤ ከጭማቂው ወይም ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚተርፈው ሞላሰስ ይወጣል። ካቲካላ የእህልና የጌሾ ነው፣ ጭስም አለው። አናናስ ላይ ስታደርጊው ጌሾው ብቻውን ይወጣል። ለብቻው በመለኪያ ሲቀርብ እኔም እወደዋለሁ። የሚያናድደው፣ ከሰፈርሽ በሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ ሄደሽ ትንሽ ዘለቅ ብትዪ ወንጂ ነው። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር የሚመረትበት፣ ሞላሰስ የሞላበት አገር። እኛ ግን አብዛኛውን ሩም ከባሕር ማዶ እናስመጣለን።

ሌላው ነገር ጥንካሬው ነው። በጠርሙሱ ላይ 40 የሚል ሩም 40 በመቶ አልኮል ነው። በጀሪካን የመጣ ዳግም አረቄ ስንት እንደሆነ ያወጣችውም በትክክል አትነግርሽም። በዚያ ላይ ሜታኖል የሚባል የሚያሳውርና የሚገድል አልኮል የተቀላቀለበት መጠጥ በብዙ አገር ሰው ጨርሷል። «አቀጣጥለሽ እሳቱ ሰማያዊ ከሆነ ንጹሕ ነው» የሚባለውን አትመኚ። ሜታኖልም በደብዛዛ ሰማያዊ ነው የሚነደው። ያ ፈተና አልኮል መኖሩን እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ሩም ካልተገኘ ወይም ኪስ ካልፈቀደ፣ የታሸገ መለያ ያለበት የአገር ውስጥ ቮድካ ይሻላል። ሩም ብለሽ ግን አትጥሪው።

ድራይ አይስ ተዪው። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚሆን የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በጣት ሲነካ ያቃጥላል፤ ትንሽ ቁራጭ ከተዋጠ ጉሮሮና ሆድ ይጎዳል። የክረምት ማታ መስኮት ዘግታችሁ ስድስት ሰው በምትቀመጡበት ሳሎን ደግሞ ጋዙ ራሱ ያፍናል። ባለሙያ ቤት ውስጥ ብርጭቆው ለብቻው በተለየ ማስቀመጫ ይሠራል፤ እቤት ግን አያዋጣም። መጽሐፉም «ትንሽ እንፋሎት» ነው የሚለው። ያ አረፋ ይበቃል።

እሳቱም እንደዚያው። 40 በመቶ አልኮል ያለው ሩም በረዶ ላይ ሆኖ ጭራሽ አይያያዝም። ሰው ሲናደድ ብርቱውን ጠርሙስ አምጥቶ እሳቱ ላይ ይደፋል። ነበልባሉ ጅረቱን ተከትሎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግርሽም፤ መጋረጃሽ ናይለን ነው ብዬ እገምታለሁ።

መብራት ይሄዳል ብለሽ ተዘጋጂ። በረዶውን ከዋዜማው ሠርተሽ በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘሩ ሥር አኑሪው። ጠዋት መብራት ከሄደ አትክፈቺው። የሟሟ፣ ውሃ ያዘለ በረዶ መጠጡን በአምስት ደቂቃ ያቀጥነዋል። ቀለም መቀያየሩ ግን በሻማ ብርሃን ይበልጥ ያምራል። ስለዚህ መብራት ቢሄድ አትዘኚ።

ከእንግዶችሽ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ካለ ቀድመሽ ንገሪው። ከርከዴ ግፊት ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። በአንድ ብርጭቆ ብዙ ባያሰጋም ከአልኮልና ከመድኃኒት ጋር ሲደራረብ ሰው ሊያዞር ይችላል። ነፍሰ ጡር ካለች በአናናስና በሎሚ ብቻ ሥሪላት።

ስሙን ግን «ቡዳ» አትበይው። ሐሳብሽ ገብቶኛል፤ ቀን ሰው፣ ሌት ጅብ የሚለው ተረታችን የጄኪልና የሃይድ ወንድም ነው። እናንተ ሰፈር ዳር ደግሞ ጅቡ ራሱ ማታ ማታ አጃቢ ድምፅ ይሰጣችኋል። ቃሉ ግን ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ስንት ዘመን ያስጠላ ቃል ነው። «ሌት ጅብ» ብትዪው ሁሉም ይገባዋል፤ ማንንም አያስቀይምም።

አንድ ቀን ቀድመሽ ያለ ሩም አንድ ብርጭቆ ሞክሪ። የምትለኪው የሶዳውን ሚሊ ብቻ ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። ማታውን ደግሞ የሆሊውዱን ቤት ሕግ ያዢ፤ ለአንድ ሰው ሁለት። ሦስተኛ ከጠየቁሽ ያለ ሩም ስጫቸው፤ ቀለሙ ያው ነው።